ለሠራተኛ የሚመች ማስተርስ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ስሙት ብዬ ነው። መርፌ እፈራለሁ። ከፍ ያለ ቦታ እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ፤ የታሰረውን ደግሞ ይበልጥ፣ አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም እያልኩ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ከመክፈቴ በፊት ውሃ እጠጣለሁ። ባለቤቴን የሺን ግን አልፈራትም። (ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች።)

የሚገርመው ነገር፣ ነገሌ ቦረና ውስጥ እኔን የሚፈራኝ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነኛ። ጠመኔ ይዤ ወደ ሰሌዳ ስዞር ስልሳ ልጅ ትንፋሹን ይውጣል። መንገድ ላይ ኳስ የሚራገጡ ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ ኳሱን ጥለው ይበተናሉ፤ ብዙ ጊዜ ኳሱን አንስቼ እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጬላቸው አልፋለሁ። ፈሪ ሰው አስተማሪ ሲሆን እንዲህ ነው። ፍርሃቱን ብቻውን አይሸከመውም፣ ለክፍሉ ያከፋፍለዋል።

ጣጣዬ የጀመረው በደብዳቤ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ሳለ፣ በቦታው ለመቀጠል ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል የሚል ደብዳቤ መጣ። ውሃ ጠጣሁ፣ አነበብኩት፣ ደግሜ ጠጣሁ። ከእኔ ሥር ያሉት ወጣት መምህራን ሁሉም ማስተርስ አላቸው። አንዱማ ሥራ የጀመረ ዕለት ቢሮዬ ገብቶ፣ "ቲቸር፣ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝን መቼም አልረሳውም" ብሎኛል። ሲናገር የሚያየው እኔን ሳይሆን ወንበሬን ነበር።

የሺ ደብዳቤውን አነበበችና፣ "ተማራ!" አለች፣ ሂድና ሽንኩርት ግዛ በምትልበት ድምፅ።

"በአርባ ሰባት ዓመቴ?"

"ሠራተኛው ሁሉ እየሠራ እየተማረ አይደል እንዴ! ስንት ዓይነት አማራጭ አለ።"

አማራጭስ ሞልቷል። መደበኛው ሁለት ዓመት ሥራ ማቆም ነው፤ እሱን እንኳን ልሞክረው ላስበውም አልደፍርም። የክረምቱን አውቀዋለሁ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የጨረስኩት በእሱ ነው። አምስት ክረምት ሙሉ ከተደራራቢ አልጋ ላይኛው ላይ ተኝቼ፣ እወድቃለሁ ብዬ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነው የተመረቅኩት። በርቀት የሚባልም አለ። የጂኦግራፊው ባልደረባዬ በርቀት ጀምሮ ነበር፤ ሞጁሎቹ ዛሬ የቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ናቸው፣ ያውም ጥሩ ማስቀመጫ። በኦንላይን የጀመረ ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ከመምህሩ የሰማው ቃል "ይሰማል?" የሚለውን ብቻ እንደሆነ ምሎ ነግሮኛል።

እንዲህ እያማረጥኩ ሳለ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በነገሌ የትምህርት አመራር ማስተርስ "ለሠራተኛ በሚመች ሁኔታ፣ ቅዳሜና እሁድ" ሊሰጥ ነው። መምህራኑ በየሳምንቱ ከቡሌ ሆራ ይመጣሉ። ትምህርቱ የሚሰጠው የት መሰላችሁ? እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፤ ዘጠነኛ ለ ክፍል ውስጥ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገብቼ ከተማሪ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞርኩ። ዴስኩ ላይ በምላጭ የተቀረጸ የሰው ምስል አለ፤ መነጽር ያደረገ፣ ጆሮው የአህያ የሚያህል። ከሥሩ "ምክትሉ" ተብሎ ተጽፏል። መነጽሩ በደንብ ተመስሏል፤ ስለ ጆሮው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወዲያው በመስኮቱ ሁለት ተማሪዎቼ አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ ለሌላዋ፣ "ቲቸር ደገመ እንዴ?" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው ሴሚስተር በሰላም አለፈ። ፍርሃት የሚባለውን ነገር በትክክል ያወቅኩት የሁለተኛው ሴሚስተር ፕሮግራም ሲለጠፍ ነው። "ሥነ ምግባርና የተማሪዎች አያያዝ። መምህር፦ ዶ/ር ቦሩ ጂ." ይላል።

ቦሩ ጂ.! ጂ ማለት ጂሎ ነው። ለእኔ ሌላ ትርጉም የለውም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ገና ከደብረ ብርሃን በዕጣ ደርሶኝ ነገሌ የመጣሁ ሰሞን፣ ቦሩ ጂሎ የሚባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ከከተማ ውጭ ያለ የአርብቶ አደር ልጅ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት መልሼ ስጨርስ እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ትክክል ነኝ" አለኝ። አይደለህም አልኩት። ነኝ አለ። አይደለህም። ነኝ። ሦስተኛ ጊዜ "ነኝ ቲቸር" ሲል ስልሳ ልጅ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ማየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ጢሜ እንኳን በደንብ አልወጣም። "ውጣ! አባትህን ይዘህ ና! ያለ አባትህ ይህን ክፍል አትረግጥም!" አልኩት። ደብተሩን ይዞ ወጣ። አባቱ ከከብቶቻቸው ጋር ናቸው፤ ዓመቱ ደግሞ የድርቅ ነበርና ከብቶቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረም። ቦሩ ክፍሌ ተመልሶ አልገባም። ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ይሆናል አልኩና ረሳሁት። ረሳሁት ያልኩትን ለጊዜው እመኑኝ።

ይኸው አሁን ዶክተር ሆኖ መጣብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተሩ ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር። እሱ ራሱ ነው! እንደ ዕድል ሆኖ ኦቦ ዲዳ የሚባል የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አብሮኝ ይማራል፤ ትከሻው ከበር የሚሰፋ ሰው ነው። ሮጬ ከኋላው ተቀመጥኩ። ዲዳ ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ። ስም ሲጠራ ድምፄን አጎርንኜ በሳል መሐል "አቤት" አልኩ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክም ነበረኝና አጠለቅኩ። ጉንፋን ነው አልኩ።

ጉንፋኑ አንድ ሳምንት ሄደ፣ ሁለት ሳምንት ሄደ። የውሸት ሳል እንዴት እንደሚያደክም ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? ቤት ስገባ ደረቴን የእውነት ያመኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል የምትሠራው የክፍል ጓደኛችን ሲስተር ዘይነባ በእረፍት ሰዓት መጣችና፣ እንደ ነርስ ወግ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ዝም አይባልም። ይኼው ዕቃ፣ ነገ ጠዋት አክታ ይስጡኝ" አለችኝ። ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ እጄ ላይ አስቀመጠች።

ከእረፍት ስመለስ መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተዋል። በግራም በቀኝም ሰው የለም። ኦቦ ዲዳ ሁለት ረድፍ ወደ ፊት ተሻግሯል። "ይቅርታ ቲቸር፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አለኝ" አለኝ፣ አንገቱን ሳያዞር። ባዶ ሜዳ ላይ እንዳለ አንድ ዛፍ ብቻዬን ቀረሁ። ዶክተር ቦሩ ገባ፣ ክፍሉን አየ፣ እኔ ላይ ቆመ።

"እርስዎ፣ ብቻዎን የተቀመጡት። ድምፅዎ ስለማይሰማ ወደ ፊት ይምጡ።"

ከእሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚናገረው ሁሉ ለእኔ ይመስለኝ ጀመር። "አስተማሪ በአንድ ቃል የተማሪን ዕድሜ ማሳጠር ይችላል" ይልና ያየኛል። "ልጆች አይረሱም" ይልና ያየኛል። ምናልባት የሚያየው ከኋላዬ ያለውን መስኮት ይሆናል፤ እኔ ግን መስኮት አይደለሁምና አላውቅም። ክብደቴ ቀነሰ። የሺ፣ "ትምህርቱ ነው ወይስ ሲስተር ዘይነባ ያለችው ነው?" ብላ መጠርጠር ጀመረች። (አክታው ንጹሕ ነበር። ውጤቱን ግን ማንም አላመነም።)

መጨረሻ ላይ ቆርጬ ወደ ማዕከሉ አስተባባሪ ሄድኩ።

"ይህን አንድ ኮርስ በርቀት ማድረግ እችላለሁ?"

"ይችላሉ! ለሠራተኛ እንዲመች ነው እኮ የተከፈተው። በርቀትም፣ በኦንላይንም አለ።"

እጁን ልስመው ቃጣኝ። "መምህሩ ማን ነው?"

"በርቀቱ ዶክተር ቦሩ።"

"በኦንላይንስ?"

"እሱም ዶክተር ቦሩ ነው። ጎበዝ ሰው ነው፣ ደስ ይልዎታል።"

በማግስቱ የቤት ሥራ ተሰጠ። "በሥራ ዘመናችሁ አንድ ተማሪ ላይ የወሰናችሁትንና ዛሬ የምትጸጸቱበትን ውሳኔ በሐቅ ጻፉ።" ወጥመድ ነው፤ በጽሑፍ አስፈርሞ ሊይዘኝ ነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍ ስቀድ ከረምኩና፣ አንድን ጎበዝ ተማሪ ከመጠን በላይ ስለምወደው የቤት ሥራ አብዝቼበት እንደነበርና በዚህም እስከ ዛሬ እንደምጸጸት ጽፌ አስገባሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከሥሩ በቀይ ተጽፎበታል፦ "ይህ እውነት አይመስለኝም። ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ያነጋግሩኝ።"

እንግዶቹ መምህራን ቅዳሜና እሁድ የሚጠቀሙበት ቢሮ የእኔው ነው። ገባሁ። ዶክተር ቦሩ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው ወንበር እኔ ጥፋተኛ ተማሪ የማስቀምጥበት ነው፤ አንድ እግሩ አጭር መሆኑን ሳውቅ ያልጠገንኩት እኔ ነኝ። "ይቀመጡ" አለኝ። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ቋ አለ።

"ጽሑፍዎ..." ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"ዶክተር! ቦሩ! ልጄ!" አልኩ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። "ይቅር በለኝ! ልጅ ነበርኩ! አባትህን አምጣ ያልኩት ከልቤ አልነበረም! አንተ ግን ይኸው ዶክተር ሆነሃል፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ጡረታዬ አሥር ምናምን ዓመት ይቀረዋል..."

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። "ቆይ ቆይ፣ ይረጋጉ። ከማን ጋር እያምታቱኝ ነው?"

"ቦሩ ጂሎ አይደለህም?"

"ቦሩ ጂርማ ነኝ። የዱብሉቅ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩትም እዚያና ያቤሎ ነው። ነገሌን ያየሁት ዘንድሮ ነው።"

የሆንኩትን ልነግራችሁ አልችልም። ማስኩን አውልቄ ጣልኩ። ተነሥቼ እጁን ጨበጥኩ፣ ደግሜ ጨበጥኩ። ጂርማ! እንዴት ያለ ውብ ስም ነው! አራት ወር የተሸከምኩት ተራራ ከጀርባዬ ወረደ።

"ሳልዎ ተሻለዎት" አለኝ።

"ተሻለኝ! ፈጽሞ ተሻለኝ!"

"ደስ አለኝ" አለና መነጽሩን መልሶ አደረገ። "ታዲያ ያኛው ቦሩ የት ደረሰ?"

እጄ እጁ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብዬ ወደ ሰባራው ወንበር ተመለስኩ።

"አላውቅም" አልኩ።

"አምስተኛው ጥያቄ ላይስ? ትክክል ነበር?"

እናንተዬ፣ ለእናንተ ስነግራችሁ ይህቺን ዘልያት ነበር። ቦሩን ያባረርኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ጥያቄውን ደግሜ ሠርቼው ነበር። መልሱን ስገለብጥ የመቀነስ ምልክት የዘለልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ልክ ነበር።

"ትክክል ነበር" አልኩት።

"ነገሩት?"

"አልነገርኩትም።"

ዶክተር ቦሩ ቆጣም ፈገግም አላለም። ወረቀቴን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። "ይህንን ይጻፉ። ግን መጨረሻ የለውም። ሰውየውን ያግኙትና መጨረሻውን ይዘው ይምጡ። ሁለት ሳምንት አለዎት።"

"ዶክተር፣ በሥራ ቀን ሥራ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እዚህ..."

"ግዴለም። በተመቸዎ ቀን ያድርጉት።"

እንግዲህ ቦሩ ጂሎን የት ላገኘው ነው? የሞተ ቢሆንስ? ብዬ ፈራሁ። ያልሞተ ቢሆንስ? ብዬ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። ማታ ማታ ፍለጋ የምወጣ ሰው አይደለሁምና ኦቦ ዲዳን ጠየቅኩት፤ ከብት ያለው ሰው ሁሉ ለሱ ዘመድ ነው። ዲዳ አፍታ እንኳን አላሰበም።

"ቦሩ ጂሎ? ወደራ የከብት መድኃኒት ቤት ያለው? ክትባት ስንወጣ ሁሌ አብረን ነን። ምነው፣ ቲቸር?"

ይህን ሁሉ ዓመት ወደ አዶላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደራ ከተማ ነበር። አዶላ ለስብሰባ ስሄድ ስመለስ በሱቁ ፊት ለፊት ስንቴ አልፌ ይሆን!

ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ አውቶብስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ትበላሽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ሁልጊዜ የምትበላሽ መኪና ናት። የዚያን ቀን እንደ አዲስ በረረች። ወደራ ስንደርስ ሱቁን ለመፈለግ እንኳን ጊዜ አላገኘሁም፤ ከወረድኩበት ፊት ለፊት ነው። ባንኮኒው ጀርባ ጸጉሩ ገባ ያለ፣ የንባብ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ያደረገ ረጅም ሰው ቆሞ ለአንዲት ሴት መድኃኒት ይቆጥራል። ሴትየዋ ወጣች። ሁለታችን ቀረን።

"ናጋ?" አለኝ፤ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው።

"ናጋ" አልኩ። ስሜን ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው ነገር፣ "የፍየል መድኃኒት ፈልጌ ነበር" የሚል ሆነ።

"ምን ሆነው?"

"ያስላቸዋል።" (ሌላ በሽታ አላውቅም።)

"ስንት ናቸው?"

"ሰባት።"

"ይበላሉ?"

"እንጀራውንም ይተዉታል።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እንጀራ?"

"ማለት... ሣሩን።"

"ሆዳቸው ይነፋል?"

"የአንዷ ይነፋል። የሌሎቹ... ያዝናሉ።"

አንድ ጠርሙስ አወረደ፤ ለእያንዳንዷ ምን ያህል እንደምሰጥ፣ አንገቷን እንዴት አድርጌ እንደምይዝ አስረዳኝ። አመስግኜ ጠርሙሴን ይዤ ወጣሁ። እስከ መንገዱ ዳር ሄድኩ። ወደ ነገሌ የሚመለስ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ ይጣራል። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አደረግኩ። በአንድ እግሬ እንደቆምኩ ዶክተሩ፣ "መጨረሻ የለውም" ያለው መጣብኝ። እግሬን አወረድኩና ተመለስኩ።

"ሌላ ነገር ረሱ?" አለ ቦሩ።

"ከፍየሎቹ አንዷ..."

"ቲቸር" አለኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየገፋ። "ፍየል የለዎትም። ስለ ፍየል እንዲህ የሚያወራ ሰው ፍየል ኖሮት አያውቅም። ገብተው ይቀመጡ።"

ገና ስገባ አውቆኝ ነበር። ባንኮኒውን ዞሬ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጠርሙሱን በሁለት እጄ ይዤው ነበር።

"አምስተኛው ጥያቄ ላይ ትክክል ነበርክ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ያኔም ነግሬዎት ነበር።"

ከዚያ እሱ ነገረኝ። ከክፍሌ የወጣ ዕለት አባቱን ፍለጋ ተነሣ። እየጠየቀ ዘጠኝ ቀን ሄዶ አገኛቸው። አባቱ ከብቶቹን ለወንድማቸው ትተው፣ "አስተማሪው ከጠራኝ መሄድ አለብኝ" ብለው አብረውት መጡ።

"ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን ነበር" አለ። "እርስዎ መጡ። አዩን።"

አሁን የቀረችውን ልንገራችሁ። አይቻቸዋለሁ። ረጅም ሰው፣ ረጅም ዱላ ይዘው፣ ልጁ ከጎናቸው። ልጁ ልክ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰውየው ምን ሊሉኝ እንደመጡ ግን አላውቅም፤ ዱላው ብቻ ነው የታየኝ። ዞሬ በጓሮ አጥር ዘለልኩ፤ እኔ፣ ከፍ ያለ ቦታ የምፈራው ሰው! ሦስት ቀን አመመኝ ብዬ ከቤቴ አልወጣሁም። በአራተኛው ቀን ስመጣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ረሳሁት ያልኳችሁ ይህንን ነው።

"ሦስት ቀን ቆምን" አለ ቦሩ። "ከዚያ ከከብቶቹ መልእክት መጣ፤ እየሞቱ ነው የሚል። ሄድን። እኔም የዚያን ዓመት እዚያው ቀረሁ።"

"ቦሩ፣ ይቅርታ" አልኩት። ሌላ ብዙ ነገር ለመናገር አዘጋጅቼ ነበር፤ አውቶብስ ውስጥ በቃሌ አጥንቼው ነበር፤ የወጣችው ይህቺ ብቻ ናት።

ቦሩ መድኃኒቶቹን ወደ መደርደሪያው መለሰ። "እኔ በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ወደራ ገብቼ ተማርኩ። አንድ ዓመት ነው የሄደብኝ። እኔን አቃጥሎኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም፤ አሁን ግን ልጆቼን ሒሳብ ሳስጠና ነው የሚታወሰኝ። የአባቴ ይብሳል። በዕድሜያቸው ሙሉ ያንን ያህል መንገድ መጥተው ሰው ፊቱን ያዞረባቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።"

"እሳቸው... እሳቸው በሕይወት አሉ?" አልኩት።

"ጓሮ ናቸው" አለና መጋረጃውን ገልጦ እንዲመጡ በኦሮምኛ ጠራቸው። "አቦ! ኮቱ!"

ልሸሽ ብድግ አልኩ። የዱላ ድምፅ እየቀረበ መጣ፤ ቋ፣ ቋ። ሽማግሌው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ጀርባቸው ትንሽ ጎብጧል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ንስር ነው። ቦሩ በኦሮምኛ፣ "አቦ፣ የነገሌው አስተማሪ ነው" አላቸው። ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ኦሮምኛ መስማት እችላለሁ፤ የዚያን ቀን ባልሰማ ደስ ባለኝ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩኝ። እጃቸውን ዘርግተው እንደ ደንቡ ሰላም አሉኝ። የቤተሰቤን ሰላም ጠየቁኝ፣ የከብቱን ጠየቁኝ፣ ዝናቡን ጠየቁኝ። ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ አልኩ፤ ከብት የለኝም፣ ግን ናጋ ነው አልኩ። ከዚያ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ።

"ና ብለህ ጠርተኸኝ ነበር" አሉኝ። "መጥቼ አጣሁህ። ይኸው አለሁ። ልጄ ምን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም" አልኩ በምችላት ኦሮምኛ። "ምንም አላጠፋም። እሱ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ነግረኸው ነበር?"

"ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አቦ።"

ወደ እኔ ተመለሱ። "ሦስት ጊዜ ነግሮሃል። ታዲያ እኔን ምን አስጠራህ? እኔ ሒሳብ አላውቅ።"

ቦሩ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ነው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። መልስ እየጠበቁ ነው።

"ፈርቼ ነው" አልኩ።

"ማንን?"

"እሱን።"

ሽማግሌው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፣ በእጁ የፍየል ትል መድኃኒት ይዟል።

"እሱን?" አሉ። "እሱን እንኳን ሰው ፍየልም አይፈራው።"

ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ስስቅ እንባዬም አብሮ መጣ፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆነው አለፉልኝ። ወተት አመጡልኝ። ግማሹን ሱሪዬ ላይ ደፋሁት፤ ሽማግሌው አዩና ደግመው ሞሉልኝ።

ወረቀቱን ነገሩ እንደሆነው ጽፌ አስገባሁ። ዶክተር ቦሩ በቀይ "አሁን እውነት ይመስላል" ብሎ ጻፈበትና በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ኮርሶቹ አለቁ ማለት ይቻላል። የቀረኝ መመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው። እሱን ጽፎ መጨረስ ግን አይበቃም አሉኝ፤ አምስት ዶክተሮች ፊት ቆሞ መከላከል የሚባል ነገር አለ። ከማን ነው የምከላከለው? ብዬ አስተባባሪውን ጠየቅኩት። "ከአምስቱም" አለኝ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም፤ ለሠራተኛ በሚመች ቀን ይሆናል ብለውኛል።